ቀልብን በእግር መሰብሰብ

እሁድ ጠዋት ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቷል። አሰልጣኙ ከድምጽ ማጉያው አጠገብ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!» እያለ ይቆጥራል። ከፊቱ መቶ የምንሆን ሰዎች አለን። ቱታ የለበሰ አለ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች እናት አለች። አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ የሚያጨበጭብ ሕጻን አለ። ሁሉም ወደ ቀኝ ሲሄድ እኔ ወደ ግራ እሄዳለሁ። ሁሉም ሲያጨበጭብ የኔ እጅ ገና እየተነሳ ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ በሽተኛ ነበረን። ሰውነቴ መንገዱ ላይ ቆሟል፣ ሐሳቤ ግን የበሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው።

አጠገቤ ስልሳውን ያለፉ እናት ነበሩ። እንቅስቃሴያቸውን ሳያቆሙ ዞር አሉና «የኔ ልጅ፣ እጅሽን ተይው። መጀመሪያ እግርሽን ያዢ» አሉኝ።

እጄን ተውኩት። ዓይኔን የሳቸው ሸራ ጫማ ላይ ተከልኩ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ትንሽ እንደሄድኩ ማንም ሳይጠራው እጄ በራሱ መጣ። ሲያልቅ ላቤን እየጠረግኩ አንድ ነገር ገባኝ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ምንም ነገር አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ሰውም ጠይቄያለሁ። ዛሬ የምጽፈው እሱን ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ቃል አለው፤ ቀልብ የሚባለው። የተጨነቀ ሰው ቀልቡ ይበተናል። ሲረጋጋ ቀልቡን ይሰበስባል። ሰውም ይሰበሰባል፣ ቀልብም ይሰበሰባል፣ ግሱ አንድ ነው። እኔ ሁለቱ የተያያዙ ይመስለኛል። ዛሬ ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠው ምክር ግን በአብዛኛው የብቻ ምክር ነው። ስልክህን ዝጋ፣ ክፍልህ ግባ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ትንፋሽህን ቁጠር። ምክሩ መጥፎ አይደለም፣ የጠቀመው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ዓይኑን ሲጨፍን ጭንቀቱ የሚብስበት ሰውም አለ። እኔ ከነዚህ አንዷ ነኝ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ የሚሰማኝ የቤት ኪራዩና የሐኪም ቀጠሮው ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ሌላ በር ያስፈልጋል። በሩ ደግሞ እዚሁ እቤታችን ነበር።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ የለም። በስድስተኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ያዜማል። ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሳ የተደገፈው ጦር የያሬድን እግር ወጋው። ደም ፈሰሰ። ንጉሡ አላየም፣ ያሬድም አልተሰማውም። ሁለቱም ነገሩን ያወቁት ዜማው ሲያልቅ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ጦሩ እግሩ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ሰማይ። ለምእመን ይህ ተአምር ነው። እኔ እዚህ ያነሳሁት ግን ታሪኩ በትክክል የያዘው አንድ ነገር ስላለ ነው። በዜማ ውስጥ ያለ ሰው ሕመም የሚሰማው እንደወትሮው አይደለም።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ፈትነዋል። የዩኒቨርሲቲውን 12 ጀልባ ቀዛፊዎች ወሰዱ። አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ለብቻው በመቅዘፊያ ማሽን እንዲሠራ አደረጉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስድስት ስድስት ሆነው፣ በአንድ ምት። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው እየነፉ፣ ሕመሙን እስከ የት እንደሚችሉት ለኩ። ድካሙ ያው ነው። አብረው ሲቀዝፉ ግን ሕመምን የመቻል አቅማቸው ለብቻቸው ከሠሩበት ጊዜ በእጅጉ በለጠ። ተመራማሪዎቹ ይህን ከኢንዶርፊን ጋር ያያይዙታል፤ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሕመም ማስታገሻ ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ የወጣው ሌላ ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡና ለሁሉም የጆሮ ማዳመጫ ሰጧቸው። አንዳንዱ ቡድን በአንድ ሙዚቃ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አብሮ ይሠራል። በሌላው ቡድን የሰዎቹ እንቅስቃሴ አይገጥምም። ክፍሉ አንድ ነው፣ የሚወዛወዘው ሰው ቁጥርም ተመሳሳይ ነው። ሕመም የመቻል አቅሙም፣ አብሮት ላለው ሰው የሚሰማው ቅርበትም የጨመረው ምቱ የገጠመለት ቡድን ነው።

ጂም ውስጥ በተርታ ትሬድሚል ላይ፣ ጆሯችንን ዘግተን፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ሙዚቃ እየሰማን የምንሮጠውን ሳስብ ይህ ሙከራ ይመጣብኛል። ልብ ይጠነክራል፣ ላብ ይወጣል። አንድ ነገር ግን ይቀራል።

አሁን ወደ ያሬድ ዜማ፣ ሊቃውንቱ በበዓል ሌሊት ወደሚቆሙት ማኅሌት ልመለስ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ትምህርቱ ስሙ ራሱ አቋቋም ነው። አቋቋም ማለት የመቆም ስልት ማለት ነው። ሊቃውንቱ የሚይዙት ዘንግ ደግሞ መቋሚያ ይባላል። ስለ ውስጥ ሚዛን የምናወራ ሰዎች ይህን ቃል አልፈነው መሄዳችን ያሳዝነኛል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንዴት እንደሚቆም ለመማር ዓመታት ይፈጃሉ። የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተማሪው ከየሀገሩ እየለመነ በእግሩ ይሄድ የነበረው ዜማን ከእግርና ከእጅ ጋር ማስማማት ለመማር ነው።

የበዓል ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በአንዱ ወገን ቀኝ ጌታ፣ በሌላው ግራ ጌታ አለ። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ ድምጽ ብቻ ነው፣ እሱም በዝግታ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። መቋሚያው ይነሳል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደ ጎን ይዘማል፣ ሰውነትም ከሱ ጋር። ከዚያ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ። መረግዱ መጀመሪያ ዝግ ያለ ነው፣ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ጽፋት ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ ሽማግሌው ሁሉ ወጣት ይሆናል። የከበሮው አንድ ጎን ሰፊ ነው፣ ወፍራም ድምጽ ይሰጣል። ሌላው ጠባብ ነው፣ ቀጭን ድምጽ ይሰጣል። መቺው በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በጥድፊያ የመጣን ሰው በቀጥታ ጽፋት ውስጥ ብትከተው ይደናበራል። መጀመሪያ ትንፋሹ መዝለቅ አለበት። ረጅም ዜማ የሚያዜም ሰው ሳያውቀው በዝግታ እየተነፈሰ ነው፣ ምክንያቱም ሐረጉ እስኪያልቅ አየር መቆጠብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ የመዘምራንን ልብ ምት የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው። አብረው ዝግ ያለ መዝሙር ሲዘምሩ ትንፋሻቸው ይገጥማል፣ ትንፋሻቸው ሲገጥም የልባቸው ምት አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ሊቃውንቱ ማሽን አልነበራቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለማደር የሚያስችለው መንገድ ግን ገብቷቸው ነበር።

አንድ ጊዜ የአቋቋም ትምህርት የተማሩ አባት «ቢሳሳቱስ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉና «ምን አደርጋለሁ፣ የጎኔን ሰው መቋሚያ አይቼ እገባለኋ» አሉኝ።

ይቺ መልስ የነገሩ እምብርት ትመስለኛለች። ብዙዎቻችን ከቡድን እንቅስቃሴ የምንሸሸው «እኔ ምት አልይዝም»፣ «ሰው ይስቅብኛል» እያልን ነው። ጥቅሙ ያለው ግን ምት ስተን ስንመለስ ነው። ኦስትሪያዊው ራይንሃርድ ፍላቲሽለር እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ታኬቲና የሚባል የምት ልምምድ ያሳደገው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። እግራቸው አንድ ምት ይረግጣል፣ እጃቸው ሌላ ምት ያጨበጭባል፣ በአፋቸው ደግሞ መሪው የሚያወጣውን ይቀበላሉ። መሐል ላይ ከበሮ ይመታል። መሪው ምቱን እያወሳሰበው ይሄዳል፣ የሚስት ሰው ይኖራል። መሳቱ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። የሳተው ሰው ቆሞ ያዳምጣል፣ የጎረቤቱን እግር ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። በአንድ ስብስብ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ያደርገዋል።

ይህ ለጭንቀት ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። የተጨነቀ ሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት ሁሉም የተበላሸ ይመስለዋል። እዚህ ግን ይስታል፣ ምንም አይፈጠርም፣ ምቱ ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው ዙር ይገባል። ምቱን የያዙለት ሌሎቹ ናቸው። እሱ ሲመለስ ደግሞ ለሌላው ይይዛል። ይህን ለሰው በንግግር ማስረዳት ከባድ ነው። እግር ግን ቶሎ ይማረዋል።

ለነገሩ ሁላችንም የተማርነው ገና በአንቀልባ ነው። እሹሩሩ የሁለት ሰው ጭፈራ ነው። እናት ወገቧን እያወዛወዘች፣ በእጇ የልጇን ቂጥ ቸብ ቸብ እያደረገች ታዜማለች፣ ልጅ ጀርባዋ ላይ ሆኖ በምቱ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ የተወለዱ ሁለትና ሦስት ቀን የሆናቸው ሕጻናት ተኝተው እያሉ ከበሮው ዋናውን ምት ሲዘል አንጎላቸው እንደሚያውቀው አሳይቷል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ የ14 ወር ሕጻናትን ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ደረታቸው ላይ ታቅፈው በሙዚቃ ያወዛወዙ፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙ ተመራማሪዎች ነበሩ። ከሕጻኑ ፊት ለፊት የቆመችው ሴት ከሱ ጋር በአንድ ምት ከተወዛወዘች፣ ቆየት ብላ ዕቃ ሲወድቅባት ሕጻኑ አንስቶ ለመስጠት ይበልጥ ይሄዳል። ምቷ ካልገጠመ ግን እንደዚያ አይሆንም። ገና በቅጡ የማይናገር ልጅ ነው። አብሮት የተወዛወዘውን ሰው ግን ወገኑ አድርጎታል።

ወሎ ላይ መንዙማ የሰማ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። አንዱ ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል፣ ትከሻ ለትከሻ የገጠመው ሰው ወደ ጎን ይወዛወዛል። ግጥሙን ያልሸመደደ እንግዳ እንኳ መቀበያውን ይዞ ሌሊቱን ማደር ይችላል። ገጠር ደቦ ላይ ያደገም ያውቀዋል። ብቻውን ሦስት ቀን የሚፈጅበትን አጨዳ ከሰው ጋር እየዘፈነ በአንድ ቀን ሲጨርስ ወገቡ ያን ያህል አያመውም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ልዘለው አልፈልግም። ምት ሰውን የሚያስተሳስረው ለደግ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዊልያም ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1941 ለውትድርና ተመልምሎ ቴክሳስ ውስጥ ሠልጥኗል። መሣሪያው ስላልበቃ ለሰዓታት ሰልፍ ያስረግጧቸው ነበር። ጥቅም የሌለው ሥራ ነው ብሎ እያሰበ ሳለ፣ ከሌሎቹ ጋር እግሩ ሲገጥም አንድ ደስታ ውስጡን ይሞላው እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ጽፏል። የዓለም ጦር ሠራዊቶች ይህን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እኛም ቀረርቶና ፉከራ ደም እንዴት እንደሚያሞቅ እናውቃለን። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ውስጥ ያደጉ ሰዎችም ያንን የወጣትነት ደስታና መፈክሩን እስከ ዛሬ መለየት ይቸግራቸዋል።

ስለዚህ እኔ አንድ ክብ ውስጥ ከመግባቴ በፊት የማየው ነገር አለ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ቦታ ያገኛል? በዜማው ውስጥ ስሙ በክፉ የሚነሳ ሕዝብ አለ? መውጣት የፈለገስ ሳይጠየቅ መውጣት ይችላል? እነዚህ ካልተመለሱልኝ ከበሮው ምንም ያህል ቢጥም እግሬን አላነሳም።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ነገር ጭፈራ ከእጃችን ወጥቶ ወደ ዓይናችን መሄዱ ነው። ድሮ ሠርግ ላይ ክብ ይሠራ ነበር። መሐል የሚገባው ሁለት ሰው ነው፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ይቀበላል፣ ተራው ሲደርስ ይገባል። የሚያጨበጭበው ሰው ተመልካች አልነበረም። እጁ ካቆመ ጭፈራው ይሞታል። አሁን ብዙ ሠርግ ላይ መድረክ አለ፣ ተከፍሏቸው የመጡ ተወዛዋዦች አሉ፣ እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስልካችንን እናነሳለን። እስክስታ በስልክ እናያለን፣ ደግሞ ደጋግመን እናየዋለን። ተወዛዋዦቹ ሥራቸውን አሳምረው ይሠራሉ፣ ቅሬታዬ በነሱ ላይ አይደለም። የኛ ትከሻ ግን አልተንቀሳቀሰም። ቀዛፊዎቹን ስናይ ሕመም የመቻል አቅማችን አይጨምርም።

መድረክ አንዳንዴ ድልድይ እንደሚሆን ደግሞ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በሁለቱ ታላላቅ የአየር ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች፣ የወላጆቻቸውን ትከሻ ወደ መድረክ ያመጡት ሩት ኤሼል የተባለች የውዝዋዜ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባቋቋመችው ቡድን ነው። የቡድኑ ስም እስክስታ ነበር። ወጣቶቹ ሂብሩ እየተናገሩ የሚንቀጠቀጥ የጎንደር ትከሻ ነበራቸው። በሰው አገር ላለ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በከተማችን በአዲስ አበባ ጥሩ ጅምር አለ። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ሲጀመር ብዙዎች የአንድ ሰሞን ነገር መስሏቸው ነበር። ታላቁ ሩጫም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ከተማውን እያስጨፈረ ነው። ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ ሩጫ መሆኑን ረስቶት አሥር ኪሎ ሜትሩን እየዘፈነ ይጨርሰዋል። ግን በዓመት አንድ ቀን ነው። ቀልብ በዓመት አንዴ ተሰብስቦ አይዘልቅም።

በጤናው በኩል ማጋነን አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከአካል እንቅስቃሴዎቹ ውስጥ የመርሳት በሽታ ስጋት ከመቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ጭፈራ ነው ብሏል። መያያዝ ማለት ግን ምክንያት ማለት አይደለም። የሚጨፍሩት ሽማግሌዎች መጀመሪያውኑ ጤነኞቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ብሩክሊን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከባለሙያ ተወዛዋዦች ጋር ይጨፍራሉ። እግራቸው መሬት ላይ የሚጣበቅባቸው ሰዎች ምት ሲሰሙ መራመድ ይቀላቸዋል። ነገር ግን ከባድ ድብርት ውስጥ ያለ፣ ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው «ሂድና ጨፍር» ሊባል አይገባም። ያ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ከሐኪሙ ሲመለስ ክቡ ውስጥ ቦታው ይጠብቀው።

እኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የጀመርነው አምስት ሴቶች ሆነን ነው። ያቺ የሸራ ጫማዋ እናት ጎረቤቴ ሆነው ተገኙ፣ ሁለት ብሎክ ነው የሚለየን። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንወርዳለን። ከበሮ ስላልነበረን ባዶ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ገልብጠን መታን፣ ድምጹ ወፍራም ነው፣ ያምራል። መጀመሪያ እግር ብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከዚያ ጭብጨባ። ከዚያ ማንም የሚያውቀው መቀበያ ያለው ዘፈን። ስልክ መቅረጽ የለም፣ ይህን ገና ከመጀመሪያው ተስማምተናል፣ ምክንያቱም ካሜራ ሲመጣ ሰው ምት መሳት ይፈራል። አሁን አሥራ ሰባት ደርሰናል። አንዷ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ስለነበር ወንበር ላይ ተቀምጣ በእጇ ብቻ ትገባለች። የጥበቃው ጋሼም ከበሩ ሳይለቁ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ይቀበሉናል። ዝናብ ከመጣ ደረጃው ሥር እንገባለን፣ እዚያ ደግሞ ጭብጨባው ያስተጋባል፣ ልጆቹ ያንን ስለሚወዱት ደመና ሲያዩ ቀድመውን ይወርዳሉ።